ላባዋን ገልጣችሁ እዩልን

ለአማራ ክልል እንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ግብርና መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከፈንግል ክትባት ጋር የዶሮ ቅማል፣ ቁንጫና ማይት ምርመራ አብሮ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣

የምጠይቃችሁ ዋናው ነገር አንድ ነው። ዶሮ ለፈንግል ክትባት በባለሙያ እጅ በምትገባበት ሰዓት፣ ጠብታው ዓይኗ ውስጥ ከገባ በኋላ መሬት ከመለቀቋ በፊት፣ ከጭራዋ ሥርና ከክንፏ ሥር ያለው ላባ ተገልጦ ይታይ። ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ቅማል ካለባት ለባለቤቷ ይነገራት፤ ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ከምን መጠንቀቅ እንዳለባትም ይነገራት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህ ጥያቄ ለምን ተገቢ እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ ከሽምብጥ እስከ ዘንዘልማ፣ ከመሸንቲ እስከ ዘጌ፣ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅም በደራና በፎገራ በጓሯቸው ዶሮ የሚያረቡትን ቤተሰቦች ሁሉ ስለሚነካ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዶሮዋን የምትይዘው የቤቱ እናት ናት። የእንቁላሉ ገንዘብ የልጅ ደብተር፣ የወጥ ዘይት፣ የዕድርና የማኅበር መዋጮ ይሆናል። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ስታቆም ያ ገንዘብ ይቆማል፤ ይህን ብላ ግን ቢሮ ድረስ አቤት የምትል እናት የለችም። «ዶሮዬን ቅማል በላብኝ» ብሎ ማመልከቻ ማስገባት ለሰው ይከብዳል። ስለዚህ ችግሩ በየጓሮው ተሸፍኖ ይቀራል።

በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ለብዙ ጓሮ ቄብ ዶሮ አድርሷል። ደግ ሥራ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ የሚነሣው ሁሉ ያንን ሥራ ለማቃለል እንዳይመስልብኝ። ነገር ግን የዶሮው ቁጥርና የአረባቡ ዘዴ ሲለወጥ የተባዩም ዕድል ይለወጣል። ድሮ በአንድ ግቢ አራት አምስት የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትጭር ውላ፣ አመድ መድፊያው ላይ ተንከባልላ፣ ማታ ቆጥ ላይ ትሰፍራለች። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ባለቤቷም ከዚያ በላይ አትጠብቅም። ዛሬ በባሕር ዛፍ አጠናና በጭቃ በተሠራች ጠባብ ቤት ሃያ ሠላሳ ሳሶ ወይም ቦቫንስ የሚባል የውጭ ዝርያ ዶሮ ታጉሮ ይውላል። ጉዝጓዙ ሳይቀየር ይከርማል። የአጠናው ስንጥቅ፣ የጭቃው ንቃቃት፣ የእንቁላል መጣያው ጭድ ሁሉ ለተባይ መኖሪያ ይሆናል። ባሕር ዳር ደግሞ ቆላም ደጋም ያልሆነች፣ በክረምት ርጥበቷ የማያልቅ፣ ከየካቲት ጀምሮ ሙቀቷ የሚያይል ከተማ ናት። ለሰው የሚስማማው አየር ለቅማልና ለቁንጫም ይስማማል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ማጥራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ያለ ምርመራ የሚሰጥ መድኃኒት ከዚህ ይጀምራል። ላባዋ የረገፈ ዶሮ ሁሉ ተባይ የበላት አይደለችም። መላጣ የምንላት የሐበሻ ዶሮ አንገቷ የተራቆተው በዘሯ ነው፤ እንዲያውም ሙቀት የምትችል ጠንካራ ዶሮ ናት። እንቁላል ስትጥል ከርማ ላባ የምትቀይረዋም ከራስና ከአንገቷ ጀምራ ወደ ጀርባዋ፣ ወደ ክንፏና ወደ ጭራዋ እያለች ታራግፋለች፤ ቆዳዋን ብታዩት ንጹሕ ነው፣ በየቦታውም አዲስ የላባ ቡቃያ ብቅ ብሏል። እርሷ የምትፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ጥሩ መኖ ነው። ጀርባዋ ብቻ ተመልጦ ሌላው አካሏ ሙሉ የሆነች ደግሞ አውራው የሚያዘወትራት ናት፤ ለጥቂት ሴቶች ሁለት ሦስት አውራ በአንድ ግቢ ሲኖር ይህ የተለመደ ነው፤ አንዱን ለበዓል ማረድ መፍትሔ ይሆናል። ከጭራዋ ሥር ደም ያዘለ ቁስል ካለ ጓደኞቿ እየነቀሏት መሆኑን ጠርጥሩ። ጥበት አለ፣ የውኃ ወይም የመኖ ሽሚያ አለ፣ ወይም ምግባቸው ፕሮቲን ጎድሎታል።

ይህ የመጨረሻው በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። ላባ ከመቶ 90 ገደማው ፕሮቲን ነው። በቆሎ ብቻ፣ ወይም አተላና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ እየበላች የከረመች ዶሮ አዲስ ላባ የምታወጣበት ነገር የላትም። የሚያሳዝነው ደግሞ ያለነው ጣና ዳር መሆኑ ነው። ዓሣው ተፈልቅቆ ሥጋው ወደ ምግብ ቤት ሲሄድ ራሱ፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው ዳር ላይ ተጥሎ ይሸታል፤ ውኃውንም ያበላሻል። ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በጥቂቱ ከበቆሎና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቢደባለቅ ላባ የሚያወጣ መኖ ነው። ጥሬውን መስጠት ግን በሽታ መጋበዝ ነው። ዓሣ አስጋሪ ማኅበራትንና ዶሮ አርቢዎችን የሚያገናኝ አካል ቢኖር ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ የጽሕፈት ቤታችሁ ስም ሁለቱንም ስለያዘ ይህን እዚህ ላይ አንሥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ተባዩ ልመለስ። ቅማል ያለባትን ዶሮ በጀርባዋ አጋድማችሁ ከጭራዋ ሥር ያለውን ለስላሳ ላባ ወደ ላይ ግለጡት። ወዲያው ቢጫ መሰል ጠፍጣፋ ነገር ከብርሃኑ ሸሽቶ ወደ ጎን ሲሮጥ ታያላችሁ፤ ፈጣን ስለሆነ ላባውን ቀስ ብሎ የሚገልጥ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ የላባውን ሥር ተመልከቱ። ከቆዳው አጠገብ አገዳው ዙሪያ ነጭ ነገር ተጣብቆ ጠንክሮ ታገኛላችሁ። ቅጫም ነው። በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም፤ ላባው ሲነቀል አብሮ ይነቀላል። ቆዳዋ ቀልቷል፣ የላባው ጫፍ ተበጣጥሷል፣ ወዙ ጠፍቷል። እንዲህ ያለች ዶሮ ቀኑን ሙሉ በምንቃሯ ስታክ ትውላለች፤ አትበላም፣ ሌሊትም አትተኛም።

ቅማል መላ ሕይወቱን ዶሮዋ ላይ ነው የሚያሳልፈው፤ ከእርሷ ከወረደ ከሳምንት ብዙ አይዘልቅም። ሌላው ተባይ ግን ቀን ብትፈልጉት አታገኙትም። ማይት የሚባለው፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ፣ ደም ሲጠጣ የሚቀላ ፍጥረት ቀኑን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ውሎ ሌሊት ይወጣል። ዶሮዋን ቀን የመረመረ ሰው «ንጹሕ ናት» ብሎ ይሄዳል። እርሷ ግን ደሟ እያለቀ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እየገረጣ ይመጣል። መሸት ሲል የእጅ ባትሪ ይዞ ገብቶ የቆጡን እንጨት ከታች በኩል በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ጨርቁ ላይ ደም ከታየ ጥያቄው ተመልሷል። ሙቀት ባለበት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ የሚያድገው በአንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል። «ዶሮዎቹን ሸጬ ቤቱን ሁለት ወር ባዶ አዋልኩት፣ አዲሶቹን ሳስገባ ያው ሆነ» የሚል ሰው የሚያጋጥመን ለዚህ ነው። የዶሮ መዥገርም እንዲሁ ግድግዳ ውስጥ የሚደበቅ፣ ረሃብ ከማይቱም በላይ የሚችል፣ ደም መጥጦ ብቻ የማይቀር፣ በሽታም የሚያስተላልፍ ነው።

ተጣባቂውን ቁንጫ ለማየት ላባ መግለጥ እንኳ አያስፈልግም። ዓይኗ ዙሪያ፣ ፊቷና ራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ተሰክቶ ይታያል፤ ራሱን ቆዳዋ ውስጥ ስለሚቀብር በእጅ ሲጠርጉት አይነሣም። ጫጩት ላይ ሲበዛ ዓይኗን ይደፍንና መኖዋን ሳታይ ትሞታለች። እንቁላሉ መሬት ላይ ወርዶ በጉዝጓዙና በአቧራው ውስጥ ያድጋል። ውሻን፣ ድመትንና ሰውንም ይነክሳል። ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በምታድርባቸው የገጠር ቤቶች ሕፃናት ሌሊቱን ሲያኩ የሚያድሩት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። እግሯ ላይ ያለው ቅርፊት ተነሥቶ፣ ወፍሮና ነጭ ዱቄት መስሎ የምናየው ደግሞ ቅርፊቱ ሥር የሚቦረቡር ሌላ ዓይነት ማይት ነው። ብዙ ሰው «አርጅታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቀስ በቀስ ግን ታነክሳለች፣ ቆጥ መውጣትም ያቅታታል።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚደርስባት ታቅፋ የተኛችው ናት። 21 ቀን ከአንድ ጭድ ላይ አትነሣም፤ ተነሥታ ብትወጣ እህል ለመልቀምና ውኃ ለመጠጣት ብቻ ነው። አቧራ ውስጥ ለመንከባለል ጊዜ የላትም። ማይት በአንድ ሳምንት የሚያድግ ከሆነ ጫጩቷ እስክትወጣ ድረስ ሦስት ትውልድ ይደርሳል ማለት ነው። እናቲቱ ትችላለች፣ ትችላለች፣ በመጨረሻ እንቁላሉን ጥላ ትነሣለች። ባለቤቷ «ክፉ ዶሮ ናት፣ ትታው ሄደች» ብላ ለገበያ ታወጣታለች። የተፈለፈሉትም ከእናታቸው ሥር ሲወጡ ቅማሉን ይዘው ይወጣሉ። ከአሥር ጫጩት ሦስት አራቱ ብቻ ያደጉበት ቤት ሁሌ ጭልፊትን ሲከስ ሰምቻለሁ። ጭልፊት የወሰደው ይኖራል፤ ደሙ አልቆ የሞተውን ግን የቆጠረለት የለም።

ስለ ሆድ ትል በክልላችን የተሠራ ጥሩ ጥናት አለ። በ1991 ዓ.ም. ከአማራ ክልል አራት የገጠር ወረዳዎች የተወሰዱ 267 ዶሮዎች ሆዳቸው ሲመረመር 243ቱ ትል ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ 91 ማለት ነው። ወስፋትም ኮሶም ነበረ፤ አንዳንዷ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ዓይነት ትል ተገኝቷል። ኮሶው የሚገባው ዶሮዋ ጉንዳንና ጢንዚዛ ስትለቅም ነው፤ ስለዚህ በነጻ የምትጭር ዶሮ ሙሉ በሙሉ ልታመልጠው አትችልም። ይህ ጥናት ከተሠራ ብዙ ዓመት አልፏል፤ የጓሮው አያያዝ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ትሉ የእናንተን ዋና ሥራ እንደሚነካ ደግሞ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ወስፋት ያለባቸው ዶሮዎች ለፈንግል ከተከተቡ በኋላ የሚያዳብሩት መከላከያ ትል ከሌለባቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ተጉዞ፣ ባለሙያው ደክሞ፣ ጠብታው ገብቶ፣ ዶሮዋ ግን በትሏ ምክንያት የተሰጣትን ያህል ሳትጠቀም ትቀራለች። «ተከትባ ሞተችብኝ» የሚለው ቅሬታ በየቀበሌው ይሰማል፤ ከዚህ ቅሬታ ከፊሉ መልሱ ሆዷ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ሰው መፍትሔ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዲት ጎረቤቴ ዶሮዎቿ ላባቸው ሲረግፍባት ከአንድ ሱቅ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ገዛች። ጠርሙሱ ላይ ስም የለም፣ መጠን የለም፣ ቀን የለም። «ለቲማቲም የሚረጨው ነው፣ ቅማሉን ድራሹን ያጠፋዋል» ነው የተባለችው። በባልዲ በጥብጣ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ነከረቻቸው። ሁለቱ በዚያው ቀን ሞቱ። የተረፉት በሳምንቱ እንቁላል ጣሉ፤ እንቁላሉን ልጆቿ በሉት፣ የተረፈውንም ሸጠችው። ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። እርሷን የሚወቅስ ሰው ካለ አልስማማም፤ የጠየቀችውን ሰው አመነች፣ ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም።

ለሰብል የተሠራ መርዝ ዶሮ ላይ ሲደረግ ላባዋ ላይ አይቀርም። ዶሮ ላባዋን በምንቃሯ እየሳበች ስታጸዳ ትውጠዋለች፤ በስብ ውስጥ የሚሟሟው ኬሚካል በአስኳሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንቁላሉን ቀቅሎ መብላት አያጠፋውም። በሐምሌና በነሐሴ 2009 ዓ.ም. በኔዘርላንድና በቤልጅየም የሆነውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ለዶሮ ቤት ማይት ማጥፊያ ተብሎ ፊፕሮኒል የሚባል፣ ለምግብ እንስሳት የተከለከለ መርዝ ተረጭቶ በእንቁላሉ ውስጥ ተገኘ። በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከመደብር ተነሥቶ ተጣለ፤ እርባታዎች ተዘጉ፤ የተመረዘው እንቁላል ወይም ከእርሱ የተሠራ ምግብ ከ40 በላይ አገሮች ደርሶ ነበር። በዚያው ነሐሴ የአውሮፓ ኅብረት ፍሉራላነር የተባለውን በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ መድኃኒት ለማይት ፈቀደ፤ እንቁላሉን አንድ ቀን እንኳ መጣል አያስፈልግም። እነርሱ ጉዱን ያወቁት ላቦራቶሪ እንቁላሉን ስለመረመረ ነው። የጎረቤቴን እንቁላል የመረመረው የለም።

የባልዲው ዕጣቢ የት ሄደ የሚለውንም ልጨምር። ቦይ ውስጥ ተደፋ፣ ቦዩ ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው። ፓይረትሮይድ የሚባሉት የተባይ መርዞች ለሰው ቀለል ያሉ ቢመስሉም ለዓሣና ለንብ እጅግ አደገኛ ናቸው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አንድ ባልዲ ሐይቅ አይገድልም፣ በየጓሮው ያለው ባልዲ ሲደመር ግን ዳር ዳሩን የሚፈለፈለውን ዓሣ ሊጎዳ ይችላል። ለበግና ለከብት የተሠራውን የአይቨርሜክቲን መርፌ በግምት ለዶሮ መስጠትም እየተለመደ ነው። እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እናቶቻችን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። አመድ ያውቃሉ። ደረቅ የእንጨት አመድና ደቃቅ አሸዋ ተደባልቆ ጣሪያ ያለው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ዶሮ ራሷ ገብታ ትንከባለልበታለች፤ ደቃቁ ዱቄት የተባዩን ገላ አድርቆ ይገድላል። በካሊፎርኒያ የተደረገ ሙከራ እንዳሳየው ጥቂት የድኝ ዱቄት ሲጨመርበት ኃይሉ በጣም ይበረታል። አመድ ብቻውን ግን ቅጫሙን አይነካም፤ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀውን ማይትም አይደርስበትም። ለእግር ቅርፊትና ለተጣባቂ ቁንጫ ቫዝሊን በደንብ መቀባት ተባዩን አፍኖ ይገድለዋል፤ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። በምትኩ ነጭ ጋዝ የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳ ያቃጥላልና ይቅር። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ማጠብም ዶሮዋን ራሷን ይመርዛል። ቆጡን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማዋል፣ የፈላ ውኃ ስንጥቁ ውስጥ ማፍሰስ፣ ግድግዳውን በኖራ መቀባት፣ ጉዝጓዙን አውጥቶ ማቃጠል ገንዘብ አይጠይቅም።

ማንኛውም መድኃኒት ቢሰጥ ደግሞ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ መደገም አለበት። ይህ ካልተነገረ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው የተፈለፈለውን ነው፤ ቅጫሙ ይተርፋል፣ በሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፣ ሳይደገም ከቀረ በወሩ እንደነበረው ይሆናል። ከዚያ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባልና ወደ ሃይላንዱ ጠርሙስ ይኬዳል።

ስለ ገበያውም ጥቂት ልበል። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ላይ ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ እግሩ ታስሮ አንድ ላይ ተደርድሮ ይውላል። ቅማል ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመሻገር ያን ያህል ሰዓት አያስፈልገውም። በሑዳዴ 55 ቀን እንቁላል ስለማይበላ ዋጋው ይወርዳል፣ ዶሮዋም ትረሳለች፤ የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ገበያው ይግለበለባል። ያልተሸጠችው ተመልሳ ወደ ጓሮ ትገባለች፣ የተገዛችውም በዓሉ እስኪደርስ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር ትሰነብታለች። አዲስ የመጣች ዶሮን ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት የሚል አንድ ምክር በገበያው ዕለት በድምፅ ማጉያ ቢነገር ብዙ ጓሮ ይተርፋል።

እንግዲህ ጥያቄዬን ዘርዘር ላድርገው። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው የፈንግል ክትባት በየሦስት አራት ወሩ መደገም ያለበት ነው። ይህ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እያንዳንዷ ዶሮ በሠለጠነ ሰው እጅ የምትገባበት አጋጣሚ ይሰጣል፤ ለዚህ አዲስ ዘመቻ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ለከታቢዎቹ የግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃል፤ የክትባት መዝገቡ ላይም ለቅማል፣ ለቁንጫና ለእግር ማይት አንድ ዓምድ ይጨመር። በዓመቱ መጨረሻ የትኛው ቀበሌ ምን እንዳለበት በእጃችሁ ይኖራል። የሌማት ትሩፋት ቄቦች ከማሳደጊያ ወጥተው ለቤተሰብ ሲከፋፈሉም በዚያው ይታዩ፤ ተባይ ያለባት ቄብ ተሰጥታ የቤቱን ዶሮ ሁሉ እንዳትበክል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለዶሮ የተፈቀደ የቅማል ዱቄትና የትል መድኃኒት ለአምስትና ለአሥር ዶሮ በሚሆን ትንሽ ማሸጊያ በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች እንዲገኝ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ጋር ተነጋገሩልን። ለአምስት መቶ ዶሮ የተሠራ ጣሳ ለአንዲት እናት አይሆንም፤ ገዝታ ብታስቀምጠውም ለልጆቿ አደጋ ነው። ማሸጊያው ላይ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ በአማርኛ በጉልህ ይጻፍ። ሻጩም ያን ሳይናገር እንዳይሸጥ ግዴታ ይሁን። ስም የሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውን ተቆጣጠሩልን።

እውቀቱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ከከተማው በጢስ ዓባይ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐበሻ ዶሮን ለዓመታት ያጠና ተቋም ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዘንዘልማ ግቢው የእንስሳት ሳይንስ ያስተምራል። የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ እዚሁ ከተማው ውስጥ አለ። አርቢ የላባ ናሙናና ኩስ በላስቲክ ይዞ ሲመጣ ተመርምሮ መልስ የሚያገኝበት ቀን በሳምንት አንዴ ቢታወጅ ላቦራቶሪውም ስለ አካባቢው ዶሮ የሚያውቀው ይጨምራል። ተመራቂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የጣናን ዳር ቀበሌዎች ቢከፋፈሉ፣ የቱ ተባይ በየትኛው ወር እንደሚበዛ በራሳችን መረጃ እናውቃለን።

ባለሙያ እንደልቡ ወደ ገጠር ቀበሌ መውጣት በማይችልበት ጊዜ ሬዲዮ ብዙ ይሠራል። ዶሮን አጋድሞ ላባ መግለጥን፣ ማታ በነጭ ጨርቅ ቆጥ መጥረግን፣ በአሥር ቀን መድገምን የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በአሥር ደቂቃ ዝግጅት ሊያስረዳ ይችላል። በሥዕል የተደገፈ አንድ ገጽ ወረቀትም ለክትባት የመጣች እናት ይዛው ትሂድ፤ ማንበብ ባትችል ልጇ ያነብላታል።

«ስንት ከባድ ጉዳይ እያለ የዶሮ ቅማል» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ከባዱ ጉዳይ በበዛበት ጊዜ በቤቱ የቀረው ገንዘብ ከዶሮዋ የሚገኘው የሆነ ብዙ ቤት አለ። ለዚያ ቤት ጉዳዩ ከባድ ነው።

ከመጪው የክትባት ዙር በፊት ከከተማዋ ቢያንስ በአንድ ቀበሌ እንዲሞከር እጠይቃለሁ። ሽምብጥ ቢሆን ዶሮዎቹን በመያዝ፣ ላባ በመግለጥና መዝገቡን በመጻፍ ከእኔ ጀምሮ የሚተባበር ጎረቤት አለ። የተወሰነው ቀን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን፤ ዶሮዎቻችንን ሳንለቅ ከጠዋቱ ጀምሮ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በሽምብጥ ነዋሪ የሆንኩ ዶሮ አርቢ

ግልባጭ፦
ለአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ
በባሕር ዳር ከተማ ለምትገኙ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች
በየጓሮው ዶሮ ለምታረቡ ሁሉ